ጀርባቸውን የሰጡ ቁጥሮች

ጥሩምባ የሚሉት ጡረተኛ ሹፌር እጁን ሊታጠብ ወደ ማድ ቤት ገባና ሳይታጠብ ቆመ። አያትየዋ ብርጭቆ ፍለጋ ከቁም ሳጥኑ ሥር ጎንበስ ብለው ስለነበር አላያቸውም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ጣውላ ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ፈተሸ፤ ከጭልፋውና ከማጥለያው መሀል አንዲት ክብ ቆርቆሮ አገኘ። ሃያ ሰባት ይላል ቁጥሯ። በአውራ ጣቱ ጠረግ አደረጋት፤ ከምስማሯ አወጣት፤ ገልብጦ መልሶ ሰቀላት። ቁጥሯ ወደ እንጨቱ ዞረ፣ ባዶ ጀርባዋ ወደ ሰው። ከዚያ እጁን ታጥቦ በሱሪው ጠረገና ወደ ሳሎን ተመለሰ።

አያትየዋ ጉልበታቸውን ደግፈው ቀና አሉ። ቆርቆሮዋን አዩ፣ አልነኳትም። ሌላ ሰው ቢሆን የድሮ ሹፌር የድሮ ቁጥሩን አይቶ ሆዱ ባብቶ ነው ብሎ ያልፈዋል። እሳቸው ግን ነገሩ ገብቷቸዋል፤ የገባቸው ነገር ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ ለማንም ሳይተነፍሱ የያዙት ነው። ብርጭቆዎቹ አሥራ አንድ ብቻ ናቸው፤ አሥራ ሁለተኛው የት እንደገባ እያሰላሰሉ ይዘው ወጡ።

ባለቤታቸው ከተቀበሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ሰኞ ጠዋት ጫማቸውን ሊያስሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ አንዱን አሰሩ፣ ሁለተኛውን ሳያስሩ ቀሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማ አውቶቡስ ዴፖ የስምሪት ኃላፊ ነበሩ፤ የትኛው ሹፌር የትኛውን አውቶቡስ ይዞ በየትኛው መስመር እንደሚወጣ ንጋት ላይ የሚወስኑት እሳቸው። ጣውላው ያኔ የስምሪት ሰሌዳ ነበር፦ ለእያንዳንዱ ሹፌር አንድ ምስማር፣ በምስማሩ ላይ የሹፌሩ ቁጥር። ዴፖው ኮምፒዩተር ሲያስገባ ሰሌዳውን ከቆሻሻ ጋር አወጡት፤ ሽማግሌውም በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጥተው ነበርና ከነቁጥሮቹ በአውቶቡስ ጭነው ቤት አመጡት። አያትየዋ ለዚህ የሚሆን ግድግዳ የለኝም ብለው ሦስት ቀን አጉረመረሙና ጭልፋ ሰቀሉበት። ልጅቱ፣ የልጅ ልጃቸው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሻይ ባፈላች ቁጥር ከዓይኗ ሥር የነበረው ያ ሰሌዳ ነው።

ሳሎኑ ከየቤቱ በተለመኑ ወንበሮች ሞልቷል። የአንደኛው እግር ይነቃነቃል፤ ሰው በገባ ቁጥር ማን ይቀመጥበት ይሆን እያሉ አያትየዋ ይሳቀቃሉ። ልጅቱ ጥግ ይዛለች። የለበሰችው ጥቁር ኮት የአያቷ ነው፣ እጅጌው ያጥራታል። ከትናንት ጀምሮ ባፏ የገባው ግማሽ ዳቦና ሁለት ስኒ ሻይ ብቻ እንደሆነ አያትየዋ ያውቃሉ።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ወደ ልጅቱ ጠጋ አለች።

«ዶክተር፣ ይሄ ጉልበቴ ሰሞኑን ይቆረጥመኛል። ምን ይሻለኛል?»

ልጅቱ ትምህርቷ የሥራ አመራር እንጂ የሕክምና እንዳልሆነ ስድስት ዓመት ሙሉ ስታስረዳት ኖራለች። ዛሬ አቅም አጣች።

«እትዬ፣ ከበሩ ፈቀቅ በይ። ነፋስ ነው።»

«አየሽ፣ ታውቂያለሽ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ወንበሯን እየጎተተች። ለቅሶ የመጡት የዴፖው ሹፌሮች አንገታቸውን ደፍተው ሳቃቸውን ዋጡ። ሟቹ ቢኖሩ ከሁሉ ቀድመው የሚስቁት እሳቸው ነበሩ።

ሹክሹክታው ግን ስለ ጉልበት አልነበረም። አርብ ትሄዳለች ወይስ ትቀራለች ነው ነገሩ። አርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ልጅቱ የዶክትሬት ጽሑፏን በፈታኞች ፊት ቆማ ታቀርባለች ተብሎ ተቀጥሯል። ቀጠሮው ሁለት ጊዜ ተላልፏል፤ አንዴ አማካሪዋ ታመው፣ አንዴ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ፈታኝ ሳይመቻቸው ቀርቶ። መሥሪያ ቤቷ የሰጣት የትምህርት ፈቃድ በወሩ መጨረሻ ያበቃል። አሁን ካለፋት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፣ ጽሑፉ መሳቢያ ይገባል። መሳቢያ የገባ ወረቀት የሚደርሰው ለአይጥ ብቻ እንደሆነ አያትየዋ በዕድሜያቸው ብዙ አይተዋል።

ልጅቱ ቁርጡን ተናግራለች፤ አባዬን አፈር አልብሼ በአራተኛው ቀን ስለ ማኔጅመንት አልለፈልፍም ብላለች። በአራት ዓመቷ አባቷ፣ የአያትየዋ ልጅ፣ የሞተባት፣ እናቷ ሌላ ትዳር ይዛ የራቀችባት ልጅ ናት፤ አባዬ የምትለው አያቷን፣ እማዬ የምትለውም አያትየዋን ነው። አያትየዋ ሂጂም ቅሪም ማለት አቃታቸው። ብትሄድ ሰው ምን ይላል። ብትቀር ስድስት ዓመቷን ውኃ በላው። ደግሞስ ሄዳ በባዶ ሆዷ ፈታኞቹ ፊት ብትዝለፈለፍ?

መጀመሪያ ነገር አያትየዋ ይህን ትምህርት ወደውት አያውቁም። ሁለተኛው ዲግሪ ለእንጀራ ይበቃታል፣ ሦስተኛው ላም አለኝ በሰማይ ነው ይሉ ነበር፤ ዓይኗም ከመነጽር ወደ ወፍራም መነጽር መሻገሩ ከንክኗቸዋል። የቆሙላት ሽማግሌው ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎሻል የሚለውን ደብዳቤ ይዛ የመጣች ዕለት፣ ለመሆኑ ማኔጅመንት ማለት ምንድን ነው ብለው ጠየቋት። ሰዎችን አስተባብሮ ሥራን ማሠራት ነው አለቻቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡበት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ስሙን ሳላውቀው ነው የሠራሁት በይኛ።»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የጻፈችውን ታነብላቸው ነበር። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ እርሳስ ይዘው ያዳምጣሉ። «ውጤታማነት» የሚለው ቃል በመጣ ቁጥር ጋዜጣ ጠርዝ ላይ አንዲት ሰረዝ ያሰምራሉ። ስትጨርስ ውጤቱን ይነግሯታል፦ ዛሬ አርባ ሦስት ነው፣ ባለፈው ሃምሳ ነበር፣ እየተሻለሽ ነው።

ጥናቷ በዚያው ዴፖ ላይ ነበር፤ ስምሪት በሰው እጅ የሚሠራበትን ጊዜ ኮምፒዩተር ከገባ ወዲህ ካለው ጋር ማወዳደር። የድሮ መዝገቦችን አቧራቸውን እያራገፈች አንድ በአንድ ገለጠች። ከስምንት ወር በፊት፣ አንድ እሑድ፣ ምዕራፍ አራትን አነበበች። ደንቡ ሹፌሮች በየመስመሩ በተራ ይዙሩ ይላል፤ በድሮው መዝገብ ግን ከዘጠኝ ስምሪት አንዱ ተራውን አልጠበቀም። አንዳንዱ ሹፌር ለሳምንታት አጭሯን መስመር ብቻ ይዞ ይቆያል፣ ረጅሙን ሌላ ሰው ይነዳለታል፣ ምክንያቱ አልተጻፈም። ሹፌሮቹን በመጠይቅ ብትጠይቃቸው ሁሉም «አላስታውስም» የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። ስለዚህ የላላ ቁጥጥር ነው፣ በትውውቅ የሚሠራ ስምሪት ነው ብላ ጻፈች። አንብባ ስትጨርስ ድምጿ ቀጥኖ ነበር።

«አባዬ፣ አንተን ማለቴ አይደለም። አሠራሩን ነው።»

ሽማግሌው እርሳሳቸውን መቅረጽ ጀመሩ። ሹል ሆኖ ሳለ ደግመው ቀረጹት።

«ቁጥሩ ልክ ነው» አሉ። «ቀጥይ።»

አያትየዋ ማድ ቤት ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ልጅቱ ስትወጣ ጠብቀው ባላቸውን ያዟቸው፤ ሳታውቅ ስምህን ጥላሸት እየቀባችው እኮ ነው፣ ለምን አትነግራትም ብለው። ሽማግሌው የመለሱት በለሆሳስ ነው። ቁጥራቸውን ይገለብጡ ከነበሩት ግማሾቹ ዛሬም መሪ ላይ ናቸው፣ ደንብ ጥሳችኋል የሚል አለቃ አይጠፋም አሉ።

«ደግሞ እኔ ብነግራት የአያቷን ቃል ነው የምትጽፈው። ፈታኝ የአያት ቃል ይቀበላል? ራሷ ትድረስበት።»

ካልደረሰችበትስ ቢሏቸው ትደርስበታለች አሉ። አያትየዋም ቃል ገብተው አፋቸውን ዘጉ። የሽማግሌው ሐሳብ እስክትደርስበት ድረስ መኖር ነበር። ሰው ያስባል።

ሐሙስ ዕለት ሹፌሮች ፈረቃቸውን እየጨረሱ መጡ። ለተቀመጠው ሰው ስለ ሟቹ የሚያወሩት ክፉነታቸውን ነው፤ በር ላይ ሰዓታቸውን ይዘው እንደሚቆሙ፣ አንድ ደቂቃ ያረፈደ አውቶቡሱን በሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ፣ ሠርጉ ዕለት ያረፈደን ሙሽራ እንኳ እንዳልማሩ። እንዲህ እያሙ ውኃ ልጠጣ፣ እጄን ልታጠብ ይሉና አንድ በአንድ ወደ ማድ ቤት ይገባሉ። ማን ለማን እንደነገረ አይታወቅም። እኩለ ቀን ላይ ዘጠኝ ቁጥሮች ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር።

ልጅቱ ጭልፋ ልታወርድ ስትገባ አየቻቸው። ማን ነው ዕቃውን የሚነካካው ብላ አጉረመረመችና አንዱን ከምስማሩ አወጣች። ልትመልሰው ስትል አያትየዋ እጇን ያዙ።

«ተይው።»

«ተገልብጧል እኮ፣ እማዬ።»

«ይገልበጥ። የገለበጠው ሰው ራሱ ነው የሚመልሰው።»

ልጅቱ ቆርቆሮውን እንደያዘች አያቷን አየቻቸው። ስድስት ዓመት መዝገብ ስታገላብጥ የኖረች ሰው ናት፤ ነገር ሲደበቅ ታውቃለች። አያትየዋ የሰጡት ቃል ከባላቸው ጋር ተቀብሯል ወይስ ገና በእጃቸው ነው እያሉ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ፣ ደግነቱ ጥሩምባ ባዶ ብርጭቆ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጥሩምባ የተባለው ክላክስ ሳይነካ መንዳት ስለማይሆንለት ነው። ዓምና ጡረታ ወጥቷል፣ የሚፈራው አለቃ የለውም።

እሱ ነው የነገራት። ሹፌር ጠዋት ሲገባ ልቡ ከእሱ ጋር ካልሆነ፣ ሰው ሞቶበት ቢሆን፣ ሕመምተኛ ሲያስታምም አድሮ ቢሆን፣ ቁጥሩን ይገለብጣል። ምን ሆንክ የሚል የለም። አያትሽ ሰሌዳውን ያያሉ፣ የተገለበጠ ቁጥር መኪና የማይበዛባትን አጭሯን መስመር ያገኛል፣ ረጅሙን ሌላው ይወስዳል። የተሻለው ቀን ራሱ ይመልሳታል።

«ሚስቴ የታመመች ጊዜ ሃምሳ ሁለት ቀን ተገልብጬ ቆይቻለሁ» አለ። «ረጅሙን መስመር ማን ይነዳልኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።»

«ጋሼ፣ መጠይቁ ላይ አላስታውስም ብለህ ሞላህ።»

«ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ? ሽማግሌውን ከነጡረታቸው ላስበላቸው?»

ልጅቱ ቆርቆሮውን እንደነበረው፣ ጀርባውን ወደ ውጭ አድርጋ ሰቀለችው። ጥሩምባ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። ልጅቱ ከክፍሏ አረንጓዴ ልባስ ያለውን ወፍራም ጥራዝ አምጥታ፣ ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ገልጣ ማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«የላላ ቁጥጥር ብዬ ሳነብለት ቁጭ ብሎ አዳመጠኝ።»

«አዳመጠሽ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ለአያትየዋ በተሻላቸው። እስከ ዛሬ የያዘኝ ሐዘን ነበር አለች፣ ከእንግዲህ እፍረት ነው፤ ይህን ገጽ ይዤ ሰው ፊት አልቆምም።

አያትየዋ ወንበር ሳቡ፤ የሚነቃነቀው ወንበር ነበር፣ ልብ አላሉም። ጥሩምባ የማያውቀው፣ ከባልና ሚስት በቀር ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ይቀራቸዋል። አባትሽ የሞተ ጊዜ አባዬ በስድስተኛው ቀን ሥራ ገባ ብለው ጀመሩ። ቤት መቀመጥ አልቻለም። ያን ጠዋት ሦስት አውቶቡስ ወደ አንድ መስመር ልኮ የሆስፒታሉን መስመር ባዶ ተወው። ሕፃን ያዘሉ፣ ሕመምተኛ የደገፉ ሰዎች ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ ላይ ቆሙ። አለቃው ማስጠንቀቂያ ጻፈበት፤ አባዬም ይገባኛል ብሎ ፈረመ። የከነከነው ሌላ ነው። ሰሌዳው ላይ ሁሉም ቁጥር ተሰቅሏል፣ የትኛው በምን ልብ እንደመጣ ግን የሚያሳይ የለም። በሳምንቱ ሹፌሮቹን ሰብስቦ ቆርቆሮው ሁለት ፊት እንዳለው አሳያቸው፤ ልቡ ከእሱ ጋር ያልሆነ ቀን ይገልብጠው አለ። ይህን ከምን እንዳመጣው ግን አልነገራቸውም።

«ከስህተቱ ነው የተነሣው» አሉ አያትየዋ። «አንቺም ተሳሳትሽ። እና ማን ያርመው? ፈታኞቹ አያውቁት፣ አባዬ የለ። እኔ እንደሁ ስምንተኛ ክፍል ነኝ።»

ልጅቱ ጥራዙን ወደ ኋላ ገለጠች። አንድ ሰንጠረዥ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ኮምፒዩተሩ ከገባ ወዲህ አውቶቡሶቹ በሰዓታቸው መውጣታቸው ተሻሽሏል፣ የመኪና ግጭት ግን ጨምሯል፤ ምክንያቱን ስላላገኘችው ተጨማሪ ጥናት ይሻል ብላ አልፋው ነበር። ጣቷን ከዚያ መስመር ሳታነሣ ቆየችና ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች።

አያትየዋ የተሰጣ ልብስ የሚያነሱ መስለው ተከተሏት። የሚሰሙት የልጅቱን ወገን ብቻ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ስህተቱ ትርጓሜው ላይ ነው ትላለች። አይ፣ አያቴ ስለሆነ አይደለም ትላለች። ግጭቱ የጨመረው ኮምፒዩተር የተገለበጠ ቁጥር ስለማያይ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ልል አልችልም፣ ግን ሳይጠይቁኝ እኔው እናገረዋለሁ ትላለች። ከዚያ ብዙ አዳመጠች። ስልኩን ስትዘጋ አማካሪዋ ምን እንዳሉ አያትየዋ ጠየቁ። ቀጠሮው እንዲተላለፍ ልጻፍልሽ፣ ማንም አይፈርድብሽም አሉ፤ ከመጣሽ ግን ፈታኞቹ ምዕራፉን መልሰሽ ጻፊ ሊሉሽ ይችላሉ፣ ሊጥሉሽም ይችላሉ አሉኝ አለች።

«እና?»

«ራበኝ» አለች ልጅቱ።

አያትየዋ ከሰኞ ወዲህ እንዲህ ደስ ያላቸው ቃል አልሰሙም። ልብሱን እዚያው ገመዱ ላይ ጥለውት ገቡ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ደብተር ይዛ ሹፌሮቹ መሀል ተቀመጠች። መጠይቅ የለ፣ ማኅተም የለ። የምትጽፈው ለትምህርቷ እንደሆነ፣ ስማቸውን ግን እንደማታነሣ ነገረቻቸው፤ መናገር የማይፈልግ ዝም ቢል ቅር እንደማይላት ጨመረች። ልብስ ሰፊዋ ለቅሶ ቤቱን ቢሮ አደረገችው ብላ አንሾካሾከች። አያትየዋ ሰምተው ተሸማቀቁ፣ አፏ ሥራ እንዲያገኝ ቡና ደገሙላት። ሹፌሮቹ ግን አንዴ ከጀመሩ የሚያቆማቸው ጠፋ። አንዱ ቤቱ የተቃጠለ ሳምንት ገልብጧል፣ አንዱ ልጁ ከሆስፒታል እስክትወጣ። አንዱ ደግሞ አማቴ እኛ ቤት ጠቅልላ የገባች ሰሞን ነው ሲል ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ፤ አያትየዋም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሳቁ። ልጅቱ ሁሉንም የመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፦ አባዬ ቁጥርህን ተገልብጦ ሲያየው ምን አለህ?

«ምንም» አለ የመጀመሪያው።

ሁለተኛውም ምንም አለ፣ ሦስተኛውም። እሷም በእያንዳንዱ ሥር «ምንም» ብላ ጻፈች።

ጥሩምባ ሊወጣ ሲል የእኔን ስም ብትጽፊው ግድ የለኝም አላት። የትኛውን ስም ብትለው ጥሩምባን ነዋ አለ፣ በሌላው ማን ያውቀኛል።

አርብ ጠዋት አያትየዋ ሦስት ጊዜ ጃንጥላ ይዘሻል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። እንቁላሉን በላች አልበላች ብለው ሳህኑን ፈተሹ፣ በልታለች። ልብስ ሰፊዋ ትናንት ማታ ሳትጠየቅ ይዛው የሄደችውን ጥቁር ኮት አመጣች፤ እጅጌውን ፈትታ ከውስጥ የታጠፈውን አውርዳዋለች።

«ዶክተር ክንዷን ገልጣ አትቆምም» አለች። ስለ ቢሮው ነገር አላነሣችም።

ኮቱ አሁን ልክ ሆነ። ልጅቱ ጥራዙን በክንዷ አቀፈች፣ በመሀሉ አራት አዲስ ገጾች ተሰክተዋል። የዩኒቨርሲቲው መታወቂያ በገመድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ያለ እሱ በረኛው አያስገባም። ፎቶዋና ስሟ ወደ ፊት፣ ጀርባው ባዶ ነጭ። አያትየዋ ኮሌታዋን አቃኑላት፣ የሌለ ክር ከትከሻዋ አነሡ፣ የገመዱን ቋጠሮ ወደ አንገቷ መሀል መለሱ። ገመዱን ተከትለው ወረዱና እጃቸው ካርዱ ላይ ቆየ።

ገለበጡት። ፎቶው ወደ ደረቷ ዞረ፣ ነጩ ወደ ሰው።

ልጅቱ ቁልቁል አየችው። አያትየዋ አሁን መልሳ ታስተካክለዋለች ብለው ጠበቁ። ጉንጫቸውን ስማ ወጣች።

በመስኮቱ ቆመው በዓይናቸው ሸኟት። በሩን፣ የጎረቤቱን አጥር፣ የፌርማታውን አግዳሚ ወንበር አለፈች። መታጠፊያው ላይ ጎኗን ስትሰጥ ነፋስ ካርዱን መልሶ ገለበጠው። ልጅቱ ቆመች። በቀረው እጇ ይዛ ነጩን ጀርባ ወደ ውጭ አዞረችና መንገዱን ተሻገረች።